ሲረን ከጮኸ በኋላ ስለሚመታ ኳስ

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ለሮዋን፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህን እንዴት ይዞሃል? ጉልበትህስ? ያ የማዕድን ማውጫ አቧራ ሳልህን አላባሰብህም? ጃሲንታ ደህና ናት? ትንሿ ኢዲስ ጥርስ አበቀለች ወይስ እስካሁን በድዷ ብቻ ነው የምትነክሳችሁ? እኛ ከአባዬ ዓይን በቀር ሁላችንም ደህና ነን። ዝናቡ ዘንድሮ በጊዜው ጥሏል፣ የዘይት ሰብላችን ካኖላው አብቦ ማሳው ሁሉ ቢጫ ሆኗል፣ በጎቹም መንታ መንታ እየወለዱ እማዬን እንቅልፍ ነስተዋታል። የጎደልከን አንተ ብቻ ነህ።

የአባዬን ዓይን ካነሳሁ አይቀር ልንገርህ። በመጨረሻው የሜዳችን ጨዋታ እንደ ልማዱ መኪናውን ከአጥሩ አስጠግቶ፣ እማዬን አጠገቡ አስቀምጦ ያያል። የኛ ልጅ የመታት ኳስ ከረጅሙ ቋሚ ውጭ አለፈች፤ አንድ ነጥብ ብቻ ማለት ነው። አባዬ በሁለቱ ረጃጅም ቋሚዎች መካከል ያለፈች፣ ስድስት ነጥብ መሰለውና የመኪናውን ጥሩምባ ለቀቀው። እሱ ሲነፋ ጊዜ በሜዳው ዙሪያ የቆመው መኪና ሁሉ ተቀበለው። እኔ የጎል ዳኛዋ ነጭ ካፖርቴን ለብሼ ጎሉ ሥር አንድ ጣት ቀስሬ ቆሜያለሁ፣ አገሩ ጥሩምባ ይነፋል! «ሜርቭ፣ ልጅህን ነው የምታምነው መኪናህን?» እያሉ እስካሁን መጠጥ ቤት ይስቁበታል። እሱ ግን «የመኪናው መስታወት ቆሽሾ ነው» ይላል እንጂ መነጽር የሚባል ነገር አይሰማም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ጃሲንታ ሁሉንም ነግራኛለች፤ እሷን እንዳትቆጣ፣ ያስለፈለፍኳት እኔ ነኝ። ኳሷን እንደያዝክ የጨዋታው ማብቂያ ሲረን ጮኸ፤ ከዚያ በኋላ የመታሃት ኳስ ስታ በአንድ ነጥብ ተሸነፋችሁ። በዓመቱ ውጤት ከአንደኞቹ ተርታ ስለነበራችሁ ሁለተኛ ዕድል አገኛችሁና በሳምንቱ አሸንፋችሁ ለፍጻሜ አለፋችሁ። አንተ ግን በዚያ ጨዋታ ጎል ፊት ኳስ በያዝክ ቁጥር ለሌላ ስትሰጥ ዋልክ፤ ይባስ ብለህ አሰልጣኙን «ለፍጻሜው ሌላ ሰው ፈልግ፣ እኔ ከእንግዲህ ኳስ በቃኝ» አልከው አሉ። ይህን ስሰማ መጀመሪያ አለቀስኩ፣ ቀጥዬ ተናደድኩ፣ ከዚያ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ጃሲንታ ከጎሉ ጀርባ ሆና በስልኳ የቀረጸችውን ልካልኝ ደጋግሜ አየሁት። አባዬ «ነፋሱ ነው የወሰዳት» አለ፣ እማዬ «ልጄ ደክሞት ነው» አለች። ስለሚወዱህ ነው እንጂ ነፋስም ድካምም አልነበረም። እኔ ጎል ሥር ቆሜ ስንቱን መቺ አይቻለሁ። ተመልካቹ ጀርባችሁን ያያል፣ እኔ እጃችሁን አያለሁ፤ ኳሷ የት እንደምትሄድ ገና እግር ሳይነካት እጅ ይናገራል። ያንተ ቀኝ እጅ ኳሷን ለእግርህ ሲለቃት ከደረትህ ላይ ወረወራት። ሞላላ ኳስ አየር ላይ ከቆየች አፍንጫዋን ታዞራለች፤ እግርህ ያገኛት በጎኗ ነው። ነገሩ ይኸው ነው፣ ከሰማይ የወረደ እርግማን የለም።

ስለዚህ አትወርውራት፣ ሸኛት። ግራ እጅህ አስቀድሞ ይልቀቅ፣ ቀኙ እስከ ዳሌህ ድረስ ይዟት ይውረድ። ኢዲ ክንድህ ላይ ስትተኛ አልጋዋ ላይ እንዴት ነው የምታወርዳት? እንደዚያ። እግርህ ኳሷን እስኪያገኝ አንገትህን ድፋ፤ ጎሉ የትም አይሄድብህም። ደግሞ ከፊትህ የቆመው ያ የተጋጣሚ ግንባረ ሰፊ እጁን እያወዛወዘ «ጉልበትህ ተንቀጠቀጠ! እናትህ ትምታልህ!» ሲልህ እሱን ለመሸሽ ወደ ጎን ዞረህ ሮጥክ። ምን አደረገህ? ራቅ ብለህ ተነስና ቀጥ ብለህ ወደ እሱ ሩጥ፤ ኳሷ በራሱ ላይ ታልፋለች፣ እሱም አፉን ከፍቶ ይቀራል።

ማቀበል ክፉ ነው አላልኩም። ፊቱን ወደ ጎል አዙሮ በአጠገብህ በሩጫ ለሚያልፍ ጓደኛ ኳሷን በቡጢ መትቶ ማቀበል ብልህነት ነው። አንተ ግን የሰጠኸው ቆሞ ለሚጠብቅ፣ ሁለት ሰው ጀርባው ላይ ለተንጠለጠለበት ልጅ ነው። ይህ ማቀበል አይባልም፣ ሸክምን ሰው ላይ ማራገፍ ነው።

እዚህ ስትጫወት በዚያ ፍጻሜ የመታሃትን ኳስ ታስታውሳለህ? ቋሚውን ታክካ ስታልፍ አንድ ጣት የቀሰርኩት እኔው እህትህ ነበርኩ፤ ቋሚ ከነካች ስድስቱ ቀርቶ አንድ ነው። ዋንጫው በዚያች ሄደ። ከተማው ሁሉ አኮረፈኝ፣ ዳቦ ሻጯ ሳትቀር ሰላምታ ነሳችኝ። አንተ ግን ጭቃህን ሳትጠርግ መጥተህ «ብሮን፣ ነክታለች?» አልከኝ። «ነክታለች» አልኩህ። «ካልሽ ነክታለች» ብለህ የዳኝነት ባንዲራዎቼን ተሸክመህ እስከ መኪናው ሸኘኸኝ፤ በሳምንቱም ልምምድ ላይ ቀድሞህ የደረሰ አልነበረም። ለዚያ ልጅ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

አባዬ «ካልሲህን ሳብ አድርግና ምታ» ብሏል፤ ምክሩ ሁልጊዜ ይኸው ነው። እማዬ በናፍቆት ስማሃለች፣ ለኢዲም ያለቀ ሹራብ አላት። ባለቤቴ ኪት «ሚስቴን እንደወሰድክብኝ በደህና መልስልኝ» ይልሃል፤ ምን ማለቱ እንደሆነ አሁን ታያለህ። ጃሲንታን በጣም አመስግንልኝ፣ የኢዲን ሁለቱንም ጉንጮች ሳምልኝ።

የመጨረሻ ምክሬ ይህ ነው፦ በቋሚዎቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ አትይ፣ ባዶ ቦታ ዓይን አይዝም። ከጀርባው አንድ ነገር ምረጥና እሱን ምታ። የዘንድሮውን የአውራጃችንን ፍጻሜ እንድዳኝ ተመርጬ ነበር፤ ምን ያህል እመኘው እንደነበር አንተ ታውቃለህ። ትናንት ደውዬ ለሌላ ሰው ስጡት አልኳቸው። በባቡር እመጣለሁ፣ ትኬቱ ተቆርጧል። በየሩብ ጨዋታው ጎል ስትቀያየሩ እኔም ሜዳውን እየዞርኩ፣ አንተ በምትመታበት በኩል ከጎሉ ጀርባ እቆማለሁ። የጎል ዳኛ ደስታውን ማሳየት አይፈቀድለትምና በዕድሜህ ሙሉ ለመታሃት ኳስ አንድ ቀን እንኳ ጮኼልህ አላውቅም። ያን ቀን ግን ኳሷ በመካከል ትለፍ፣ ቋሚ ትንካ፣ አጥር ዘልላ ትሂድ፣ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ እጮሃለሁ። ወደ እኔ ምታት።

እህትህ ብሮንዊን
ካራንጊ፣ ቪክቶሪያ
ሴፕቴምበር 9 ቀን 2019