ገራባውን አላወጣም

ሰኞ
ዛሬም ተሳቀብኝ። አውቶቡስ ተራ አጠገብ የምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ጋሼ ከማል የስካነሩን ክዳን ሲያነሱ የጤና አዳም ፍሬ አገኙ። «ድግሪ ይዘሽ መስታወቴ ላይ ወጥ ልትሠሪ ነው?» ፍሬዋን አንስቼ ኪሴ ከተትኩ።

እሳቸው ለሶላት ሲወጡ ነው የኔ ሰዓት። በሩን ገርበብ፣ መብራቱን ድርግም፣ ክዳኑን ክፍት አድርጌ ቅጠል ስካን አደርጋለሁ። ያኔ ቅጠሉ በርቶ ዙሪያው ድቅድቅ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። የቅጠሉ ፀጉር ሳይቀር ይቆጠራል።

ለወጣቶች ኤግዚቢሽን አምስት ምስል ይፈለጋል፣ እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት። ያለኝ፦ ጤና አዳም፣ አሪቲ፣ የጠወለገ ቄጤማ። ሁለት ይቀረኛል።

ማክሰኞ
በሶብላ ገዛሁ። ሻጯ እትዬ ዘነበች ትኩስ እንዲመስል ውሃ ይረጩበታል። እኔ ሞኟ ሳላራግፍ መስታወቱ ላይ አጋደምኩት። ውሃው በጠርዙ ሰርጎ ገባ። ከሰዓት በኋላ የአንድ ደንበኛ የጋብቻ ወረቀት ጉም ለብሶ ወጣ። ሰውየው «ትዳሬ እንዲህ መሆኑን ማን ነገራችሁ?» ብሎ ሳቀ። ጋሼ ከማል አልሳቁም። «ሁለተኛ እዚህ ቤት ቅጠል እንዳላይ!»

በሶብላው ግን ከነጠብጣቡ ልዩ ሆኗል። አራት።

ረቡዕ
ጠዋት ቀድሜያቸው ገባሁ። መስታወቱን በካቻቢቴ ፈታሁ፣ ጠረግኩ፣ አደረቅኩ፣ ገጠምኩ። ጋሼ ከማል አንድ ወረቀት ሞከሩበት። ጥርት! ወረቀቱን አዩ፣ እኔን አዩ። «ደረቅ ነገር ብቻ» አሉ። አሸነፍኩ!

ደረቅ ነገርማ ሞልቷል። ደጃፋችን ላይ ገራባ ተከምሯል፤ ጫት ቃሚዎች ቀንጥበው የጣሉት። ለቅሜ አስገባሁት። ቀዩ ግንድ፣ የተቀነጠበበት ጠባሳ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ወጣ። አምስት! ከሁሉም የምወደው እሱን ነው።

ሐሙስ
ትናንት ማታ አምስቱን ምስል ልኬ ነበር፣ ዛሬ የኤግዚቢሽኑ አዘጋጅ ደወለች። «አራቱ ግሩም ናቸው። ገራባውን ግን በጽጌረዳ ለውጪው። የተከበሩ እንግዶች ይመጣሉ፣ ቆሻሻ አናሳያቸውም።»

ቆሻሻ! ጆሮዬ ጋለ።

እማዬ ደግሞ «አንድ ጽጌረዳ ምን አለበት? ስምሽ ይውጣ እንጂ» ትላለች። ምንም የለበትም። ጽጌረዳን ግን ማንም ያየዋል፤ ሳይለምኑት። ከተመረቅኩ ወዲህ እንዲህ ያለ ዕድል አላገኘሁም፣ አውቃለሁ። እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ዓርብ
«አምስቱም፣ አለዚያ አንዱም አይታይ» ብዬ ጻፍኩላት።

ከዚያ ገራባውን በትልቁ አትሜ የሱቁ መስታወት ላይ ለጠፍኩት። ጋሼ ከማል «ደንበኛ ልታባርሪብኝ ነው?» አሉ፤ ግን አላነሱትም። አንድ ተሸካሚ ጆንያውን እንደተሸከመ ቆመ።

«ምንድነው ይሄ?»

«ገራባ።»

«ውሸት! ስረግጠው አይደል እንዴ የምውለው?» ጆንያውን አወረደና ጠጋ አለ። ብዙ ቆየ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። አዘጋጇ አልመለሰችም። እኔም አልደወልኩላትም።