ለመሃሉ ስፒከር የመረጥኩት አምፕሊፋየር

ማካይ፣ ነሐሴ አጋማሽ

ለምወድሽ ልጄ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ባልሽንም ሰላም በይልኝ። እኔና እናትሽ አለን። ስልክ ብደውል አታነሺም፤ ብታነሺም ይህን በስልክ መጨረስ ስለማልችል እየጻፍኩልሽ ነው።

ከፋሲካ ወዲህ ያኮረፍሽን ምን አድርጌሽ እንደሆነ አላወቅሁም ነበር። እናትሽን ብጠይቃት "ራስህ አስበው" ከማለት በቀር ትንፍሽ አላለችም። ንዴቴን ቴሌቪዥኑ ላይ ተወጣሁት። ፊልም ስናይ ተኩሱና ሙዚቃው ቤቱን ያናውጠዋል፤ ሰዎቹ የሚያወሩት ግን ጉምጉምታ ነው። ንግግሩ የሚወጣው ከመሃሉ ስፒከር ስለሆነ ጥፋቱን በእሱ ላይ ጣልኩት። ጉልበት አንሶታል፣ የራሱ አምፕሊፋየር ያስፈልገዋል አልኩ።

የድምፅ ዕቃ የሚሸጠው ዴስ ዘንድ ሄጄ ባለሁለት መቶ ዋት ስጠይቀው ሳቀብኝ። "ምን ልታደርግበት ነው ወዳጄ? ሳሎንህ ስታዲየም ሆነ እንዴ?" አለኝ። ለዚህ ስፒከር መቶ ዋት ይበቃዋል፣ ዋናው ሲጫኑት የማይደክም መሆኑ ነው ብሎ አንድ እንደ ድንጋይ የሚከብድ ጥቁር መረጠልኝ። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ራሱ መጥቶ ገጠመው።

ከአንድ ፊልም ላይ ሴትዮዋ ባሏን የምትሰናበትበትን ቦታ ከፈተልን። እናትሽ "ውይ! ስትተነፍስ እንኳ ይሰማል!" አለች። እኔ የሰማሁት ያንኑ ጉምጉምታ ነው። "ይሄም አይረባም፤ ሌላ አምጣ" አልኩት። ዴስ ከኋላ ሽቦውን ነካካና "አሁንስ?" አለኝ።

"አሁን ትንሽ ተሻለ።"

ለካ አዲሱን አምፕሊፋየር ነቅሎ ስፒከሩን እንደ ድሮው መልሶት ኖሯል። ባርኔጣውን አነሣና "አምፕሊፋየሩ ምንም የለበትም፣ ወዳጄ። ስፒከሩም የለበትም" ብሎኝ ሄደ።

እናትሽ ቴሌቪዥኑን አጥፍታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ቃላቱን አንድ በአንድ እየለየች፣ ጮክ ብላ፣ "በፋሲካ ልጅህ እዚሁ አጠገብህ ተቀምጣ ምን እንዳለችህ ታውቃለህ?" አለችኝ። ስንፈልገው የነበረውን ቤት አገኘን ያልሽኝ መስሎኝ ነበር።

"የሕፃኑ ልብ ቆመ፣ አባዬ፣ ነው ያለችህ።"

እኔ ግን "እሰይ! ይኸው ነው የኔ ልጅ!" ብዬ ትከሻሽን መታ መታ አደረግሁሽ። እናትሽም እስከ ቅዳሜ ድረስ ልቤ የደነደነ ነበር የመሰላት።

ለእሷ ያልነገርኳትን ላንቺ ልንገርሽ። ከስኳር ፋብሪካው ጡረታ ስወጣ ጆሮዬን የመረመረችኝ ነርስ አንድ ወረቀት ሰጥታኝ ነበር። አጥፌ የመፍቻ ሣጥኔ ሥር ከተትኩት። ስድስት ዓመት ሆነው። በእነዚህ ስድስት ዓመታት፣ ማርገዝሽን ጨምሮ፣ ስንት ነገር ነግረሽኝ ዝም ብዬ "እሺ" እንዳልኩሽ አላውቅም።

አምፕሊፋየሩን መልሼዋለሁ። ሐሙስ ከእናትሽ ጋር ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን። ይቅርታ ማለት ይህን ሁሉ እንደማይሸፍነው አውቃለሁ፤ ግን ይቅር በይኝ። መምጣት የቻልሽ ቀን ብርሃን ባለበት ፊት ለፊቴ ተቀመጪና፣ ካልከበደሽ፣ እንደገና ንገሪኝ።

ለሕፃኑ ስም አውጥታችሁለት ከነበረ ደግሞ ጻፊልኝ። በጽሑፍ ይሁን፤ እንዳልሳሳት።

ፈጣሪ ጉልበት ይስጥሽ፤ ባልሽንና አንቺን አይለያችሁ።

አባትሽ