ስሜን በዘር መዝገቡ ያስጽፉልኝ

ለተከበሩት ወንድም ጋሼ ፑይላም፣

እንደምን ሰነበቱ? የጉልበትዎን ሕመም ዝናቡ አልቀሰቀሰብዎትም? እማማስ፣ ሳላቸው ለቀቃቸው? እኔ፣ ባለቤቴ ታማቲና ልጆቹ ደህና ነን፤ ጎመኑም ዘንድሮ ውርጭ ሳይነካው ደርሷል።

የአባባን ሞት የነገሩኝበት ደብዳቤ የደረሰኝ ከተቀበሩ ከአርባ ቀን በኋላ ነው። ማሳው መሃል ቆሜ አንብቤ እዚያው ዘጭ አልሁ። አማቴ ንጋሁያ የቻይና ፊደላችንን አያውቁም፤ ፊቴን አይተው ግን ገባቸው። "አስከሬን ባይኖርም ሰው ይለቀሳል፤ ፎቷቸውን አምጪ" አሉኝ።

ፎቶውን በታማቲ ወገኖች፣ በማኦሪዎቹ አዳራሽ፣ በሟቾቻቸው ፎቶዎች መካከል አኖሩት። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው እየገባ አለቀሰ። እኛ አያቶቻችንን እንደምናናግር፣ እነሱም ሟችን የሚያናግሩት ቁጭ ብሎ እንደሚሰማ ሰው ነው። የታማቲ አጎት ፓራታ ከዘራቸውን ተመርኩዘው አባባን ተቆጧቸው፦ "አንተ ሰውዬ፣ ልጅህን ልከህ ራስህ ቀረህ። ዘመድ እንዲህ ያደርጋል?" ሰዉ በእንባው መሃል ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ፎቶውን አቅፌ እስከ ታማቲ አባት መቃብር ሄድንና ሁለቱን አስተዋወቅናቸው። ስንወጣ ሁሉም በሩ ላይ እጁን ታጠበ። እንደ ድሮው ከቀብር ስንመለስ እማማ የትርንጎ ቅጠል የነከሩበትን የመታጠቢያ ውሃ ይዘው ደጅ ሲጠብቁን ታየኝ።

አዳራሽ ስንመለስ አጎት ፓራታ የአባባን ዘር እንድቆጥር ጠየቁኝ። አባባ እርስዎን ሲያስጠኑ እኔ ከኋላ ባቄላ እየፈለፈልሁ እሰማ አልነበር? ሰባቱንም ቤት ሳልሳሳት ቆጥሬ አባባ ላይ ቆምሁ።

"ቀጥይ እንጂ" አሉኝ።

አለቀ አልኋቸው።

"አንቺስ?"

ሴት ልጅ በመዝገባችን እንደማትጻፍ ነገርኋቸው። ከዚያ ምላሳቸው እየተደናቀፈ ከመጀመሪያው አያታችን ጀምረው ራሳቸው ቆጠሩ፤ ከአባባ ቀጥለው እኔን፣ ከእኔ ቀጥለው ልጆቼን ጠሩ። ወንድም ጋሼ፣ አርባ አንድ ዓመት ኖሬ ስሜን ከአባባ ስም ቀጥሎ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

መዝገባችን በመጪው መኸር እንደ አዲስ እንደሚገለበጥ ጽፈውልኛል። በአባባ ስር እኔን፣ በእኔም ስር ልጆቼን ሁያንና ኪምፋይን ያስጽፉልኝ። ሽማግሌዎቹ ማጉረምረማቸው አይቀርም። ሰባቱን ቤት በቃሉ የሚያውቅ ካለ ይምጣና ከእኔ ጋር ይቁጠር ይበሏቸው። የምጠይቀው ድርሻዬን ነው።

እማማን ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ፤ ንጋሁያም "እህቴን በርቺ በይልኝ" ብለዋል። ባለቤትዎን እትዬ ዋይፎንግን፣ የላኩት እንጉዳይ ደርሶኛል ይበሉልኝ። ልጆችዎን በየስማቸው ሰላም ብያለሁ።

የለንግ ዎክሹን ሦስተኛ ልጅ፣
ለንግ ሱክዪን
ኦታኪ፣ ኒውዚላንድ
ሰኔ 12 ቀን 1986 እ.ኤ.አ.