የናሙናዋ ባለቤት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9 ቀን

ለውዷ ልጄ፣ «ለምን?» ማለት ለማይታክታት ጠያቂዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ጉልበቴን ከማማረሬ በቀር ደህና ነኝ። ጋራዡም አልለቀቀኝም፤ ጡረታ ወጣሁ ባልኩ ቁጥር የአንዱ አውቶቡስ ፍሬን እምቢ ይልና ይጠሩኛል። ይህን የምጽፍልሽም ከእናትሽ ተደብቄ፣ እዚሁ ጋራዥ ቁጭ ብዬ ነው። በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ሳይጠራ መልሼ ዘጋሁት።

እሁድ ስትደውዪ ደስታሽ ቤቱን ሞላው። ሁለታችንም እንድንሰማሽ ስልኩን ድምፁን ከፍተን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠነው ነበር። እኔ እንዲገባኝ ብለሽ የካንሰር ምርምርሽን በፍሬን አስረዳሽኝ፤ በሴል ውስጥ ያሉት አር ኤን ኤ የምትያቸው ትንንሽ ነገሮች «ተነሥና ሂድ» የሚለውን ትእዛዝ አፍነው ያስቀሩታል፣ እነሱ ዝም ሲሉ የካንሰሩ ሴል ከቦታው ተነቅሎ በደም ተሳፍሮ ጉበት ድረስ ይሄዳል አልሽኝ። ከነሱም መሃል ነዳጅ የሚሰጥ ከሃዲ አይጠፋም ስትዪ ሳቅሁ።

«አባዬ፣ ናሙና አራት መቶ አሥራ ሰባትን ብታያት! ፍሬኗ ጭራሽ የለም። እንዲህ ጥርት ያለ አይተን አናውቅም!»

እኔም እንደ ጅል «ባለቤቷስ?» አልኩ።

«እንጃ፣ እኛ ጋ ስም አይመጣም። ካንሰሩ ጉበቷ ውስጥ ገብቷል። እስካሁን በሕይወት ያለች አይመስለኝም።»

እናትሽ ሶፋው ላይ ሆና «አለሁ» አለች፣ በቀስታ። አንቺ «እማዬ ምን አለች?» ስትዪ «ሻይ ፈላ ትላለች» አልኩሽ። ምድጃው ላይ ምንም አልነበረም።

ልጄ፣ በክረምቱ የሐሞት ጠጠር ነው ያልንሽ የእናትሽ ቀዶ ጥገና የጠጠር አልነበረም። ሆስፒታላችን ናሙና የሚልከው አንቺ ወዳለሽበት ተቋም ነው። ሐኪሙ ፈቃዷን ሲጠይቃት «ልጄ ጋ ከሆነ ውሰዱት» አለችው። ዕድሜዋን ስልክ ቤት የሠራች ሴት ቁጥር መቼ ያመልጣታል! ብልቃጡ ላይ አንዴ አይታ ያዘችው። «እኔ መሄድ ባልችል ቁራሼ ይደርስላታል» ብላ ስትቀልድ መሳቅ አቃተኝ።

እሁድ ስልኩን ከዘጋሽ በኋላ «ደስታዋን አታበላሽባት፣ ሥራዋን ትጨርስ» ብላ አስማለችኝ። ማልኩላት። ይኸው አፈረስኩት፤ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ።

ዛሬ ጠዋት ደረጃውን ስንወጣ መሃል ላይ ቁጭ አለች። «ቁልፌን ጣልኩ መሰለኝ» አለችኝ። ቁልፉ እጇ ላይ ነበር። እኔም ጎንበስ ብዬ አብሬያት ፈለግሁ።

በቤተ ሙከራችሁ አይጦች ላይ ፍሬኑን ስትመልሱት ሴሉ ቆመ ብለሻል። ለሷ ይደርስ እንደሆነ አልጠይቅሽም፤ መልሱን እሁድ ሰምቼዋለሁ። ዕድሜ ልኬን ፍሬን ስጠግን ኖሬ የቤቴ ፍሬን ሲበጠስ ቆሜ አያለሁ። ተናድጃለሁ ልጄ፣ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም። በአንቺ አይደለም። ያንን ቃል ተናገርኩ ብለሽ ራስሽን እንዳትበዪ፣ አደራ። እሷማ «እንዴት አድርጋ እንደምታስረዳ ሰማህ?» እያለች ለጎረቤት ሁሉ ስታወራ ነው የሰነበተችው።

አራት መቶ አሥራ ሰባትን ሥራው ሲያልቅ ለሌላ ሰው እንዳትተዪያት፤ በራስሽ እጅ አንሺያት። ፈጣሪ እጅሽን ይባርክልሽ፣ ዓይንሽን ያብራልሽ፣ መንገድሽን ያቅናልሽ።

ባለቤቷ በሕይወት አለች። ቶሎ ከደረስሽ በሩን የምትከፍትልሽ እሷ ናት።

አባትሽ