ስም ያልተጻፈበት ካሴት

መጋቢት 13

ዛሬ ቅዳሴ በቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ፣ መኪና ውስጥ ተቀምጠን ነው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም... ሁሉም በየመኪናው ሆኖ በስልኩ ያዳምጣል። እንደ ልማዴ መውጫው ጋ አቆምኩ። ድሮም ውስጥ ስንቆም ቦታዬ በሩ አጠገብ ነው።

"ዳዲ፣ ዋይ ኦልዌይስ ዘ ኤግዚት?" አለች ሮሃ።

ቶሎ ለመውጣት ነው አልኳት። ልጄ ናት፤ ከዚህ በላይ አትጠይቅም።

ከሰዓት ጉሮሮዬን ከረከረኝ። ቫይረሱ ይሆን? ዘንድሮ የማልፈራው ነገር የለም።

መጋቢት 15

ዩኒቨርሲቲው ስለተዘጋ ሮሃ ካምፓስ አጠገብ የተከራየችውን ክፍል ለቃ ቤት ናት። ለክላሷ ስለ ሙዚቃዊ ቴአትር ዜማ ደራሲዎች ትጽፋለች፤ የዛሬ አርባ ዓመት ገደማ ስለነበሩት። የኛ አገሮቹስ እነማን ነበሩ ትለኛለች። እኔ ምን አውቃለሁ አልኩ።

ቤዝመንት ወርዳ ስትጎረጉር የደበቅኩትን የቴአትር ካሴት አገኘችው። አጫወተችው። ከላይ ሆኜ የመጀመሪያውን ከበሮ ስሰማ ወዲያው አወቅኩት።

"ዳዲ፣ ዚስ ኢዝ ሶ ጉድ! ማነው የሠራው?"

"አላውቀውም።"

ለምን እስከ ዛሬ አልጣልኩትም? ሱዳን ስገባ ልብሴን ጥዬ እሱን ይዣለሁ። ስለምወደው ነው። እንዲያ ያለ ዜማ ከዚያ በኋላ አልሠራሁም። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

መጋቢት 17

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሮሃ የካሴቱን አንድ ደቂቃ የቤተ ክርስቲያኑ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጥፋዋለች። "የዚህን ቴአትር ዜማ ደራሲ የሚያውቅ አለ?" ብላ። አላውቀውም ስላልኳት ነው እኮ! የገዛ ውሸቴ...

እዚህ ልጻፈው፤ ሌላ የት እጽፈዋለሁ? በ1970 የከተማችን ኪነት ቡድን ዜማ ደራሲ ነበርኩ። ሃያ አራት ዓመቴ። ቴአትሩ ስለ እናቶች ነበር። የመጨረሻው የሰልፍ ዜማ ግን ለቀበሌው ተመቸው። የገደሏቸውን ልጆች ጠዋት መንገድ ዳር ጥለው በድምፅ ማጉያ እሱን ይከፍቱ ነበር። የኔን ዜማ። ወደዚህ አገር በስደት ስመጣ ፎርሙ ላይ "መምህር" ብዬ ሞላሁ።

መብራትም ግሩፑ ውስጥ አለች። ወንድሟ አለሙ እዚያው ከተማ፣ እዚያው መንገድ ዳር ነው የተጣለው። በየዓመቱ ቤተ ክርስቲያን ስሙን ታስጠራለች። ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ከመጣች ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት ስሸሻት ኖርኩ። እሷም አትቀርበኝም። ታውቅ ይሆን?

መጋቢት 18

መብራት ኮል አደረገች። ሦስት ጊዜ። አላነሳሁም።

መጋቢት 19

ሲክ ነኝ ብዬ ከሥራ ቀረሁ። መጋረጃ ዘግቼ ዋልኩ። በስድሳ ስድስት ዓመቴ፣ በገዛ ቤቴ፣ እንደ ሌባ!

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ የመብራት መኪና ድራይቭዌዩ ላይ ቆመ። በሩን ደወለች። ትንፋሼን ዋጥኩ። ደገመች። ከዚያ ጮክ ብላ፦

"ጓድ ሽፈራው!"

ክው አልኩ። አርባ ሁለት ዓመት ጓድ ብሎ የጠራኝ የለም። ጎረቤት ሳይሰማ ብዬ ወጣሁ።

ወደ መኪናዋ ፈቀቅ ብላ ቆማለች። ሆስፒታል ነው የምትሠራው፤ ማስኳን አላወለቀችም። የሚታየኝ ዓይኗ ብቻ ነው... ያኔ ገባኝ። እናቶቹን ሆነው የሚጫወቱት ልጃገረዶች በነጠላቸው እስከ አፍንጫቸው ይሸፈኑ ነበር። ያኔም የማውቀው ዓይናቸውን ነው።

"መብራት... የኋላ ረድፍ ሦስተኛዋ?"

"ይኸው አወቅከኝ። አለሙን የጣሉት ጠዋት ነው። ማታ ቴአትር ነበረን። ብትቀሪ አንቺንም ነው አሉኝ። ዘፈንኩ ጋሼ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። አንተ አኮርዲዮንህን ይዘህ ፊት ለፊቴ ቆመሃል። እዚህ ካየሁህ ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መዝፈኔን ዛሬ ይናገራል፣ ነገ ይናገራል እያልኩ... አሁን ደግሞ ፖስት አደረጋችሁት። ስሜን እንዳታወጣው ልለምንህ ነው የመጣሁት።"

"እኔን ነው የምትፈሪው? እኔ እኮ አንቺን..."

አልጨረስኩትም። ተራርቀን እንደቆምን አለቀስን። ዘንድሮ መተቃቀፍም ክልክል ነው።

መጋቢት 20

ቅዳሴ አልሄድኩም። የእሷን ስም አላወጣም። የኔንስ?

ለሮሃ የራሴን ነገርኳት።

"መንገድ ላይ እንደሚያጫውቱት... ዲድ ዩ ኖው?"

"አውቅ ነበር።"

"ኤንድ ዩ ኬፕት ራይቲንግ?"

"ከዚያም በኋላ ሁለት ሌላ ዜማ ሠራሁ።"

ወደ ክፍሏ ወጣች።

መጋቢት 23

ሦስት ቀን ሙሉ ከክፍሏ አልወረደችም። ከግሩፑ ይልቅ ይህ ገደለኝ።

ዛሬ ወረደች። በአማርኛ፦ "አባዬ፣ ፈርተህ ነበር?"

"አዎ። አሁንም።"

ስልኬን ከጠረጴዛው አንስታ ሰጠችኝ። "ጥያቄዬ እዚያው አለ" አለች።

ሁለቴ ጽፌ አጠፋሁ። ሦስተኛውን ላክሁት። "ዜማውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ቀበሌው ሬሳ አጠገብ ሲከፍተውም አውቅ ነበር። ሽፈራው።"

መጋቢት 24

ሁለት መቶ ሰው አይቶታል። አንድ ቃል የለም። ወልደየሱስ ግሩፑን ለቆ ወጣ። መኪናዬ በተበላሸ ቁጥር የሚደርስልኝ ወልደየሱስ...

መጋቢት 25

ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ለማየት ፈርቼ ሮሃን አንብቢልኝ አልኳት። ቃል በቃል እየለቀመች አነበበችው።

"ከኋላ ረድፍ ሦስተኛዋ ዘፋኝ እኔ ነኝ። መብራት፣ የአለሙ እህት።"

ማን ለመናት? እኔ አልለመንኳት።

መጋቢት 27

ቅዳሴ መኪና ውስጥ። እጄ መሪውን ወደ መውጫው ሊያዞር ነበር። ተውኩት፤ መሃል አቆምኩ። በግራም በቀኝም ባዶ ቀረ። የሚገባው ሁሉ አልፎን ጥግ ጥጉን ያቆማል። ቫይረሱን ነው የሚሸሹት ወይስ እኔን? ሞተሩን አላጠፋሁም።

የመብራት መኪና ገባ። ቀስ ብሎ መጣና ከጎኔ ቆመ። መስኮቷን ዝቅ አደረገች። ፊቷን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙራ አማተበች።

ሞተሩን አጠፋሁ።