ትርንጎ ያሏት እርስዎ ነዎት

ውድ እትዬ እናትዓለም፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ደሞዝ «እናቴ ጉልበቷን አሟት ነው የማትመጣው» ይለናል። ልጅዎ ደግ ነው፣ ለእኔ ሲል የዋሸ ይመስለኛል። ያስቀረዎት ጉልበት አይደለም፣ እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ግን ስለ ልጅቱ ልንገርዎት፣ ደስታዬን መቻል አቅቶኛል። ሁለት ጥርስ አብቅላለች። ስትጠባ ልጄን ወንጌላዊትን ነክሳ ታስጮሃትና ራሷ ትስቃለች። ስትስቅ አፍንጫዋ የሚሸበሸበው ቁርጥ እንደ እርስዎ ነው። ሰው ግን «አገርነሽን መስላ» ይላል፣ እኔም ዝም ብዬ እሰማለሁ። ይኸው፣ ይህንንም ልወስድብዎ ነበር።

አራስ ሊጠይቁ ከዘጌ በጀልባ የመጡ ዕለት፣ ከቅርጫትዎ አንድ ትርንጎ አውጥተው ከሕፃኗ ራስጌ አስቀመጡና «በእኛ ወግ ስም የምታወጣ የአባት እናት ናት። ትርንጎ ብያታለሁ» አሉ። እኔ ኤልዳና ልላት አስቤ ነበርና ፊቴ ጠቆረ። እርስዎ እንደወጡ ለወንጌላዊት «የአሮጊት ስም ነው፤ ትምህርት ቤት ሲስቁባት ልትኖር ነው» አልኋት። «ተይ እማዬ፣ እኔ ወድጄዋለሁ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን አያውቁም። ዓባይ ማዶ ፀጉር ቤት ያላት ጎረቤታችን ዜማ የልጅቱን ፎቶ ከነስሟ ቴሌግራም ላይ ለጠፈችው። ሰው ስሙን ወደደው። የፀጉር ቤቱ ልጆች እንደ ውጭ አገር ስም ጎተት አድርገው «ትሪንጎ» ይሏት ጀመር፣ እኔም ተከተልሁ። ክትባት ይዘናት ሄደን ነርሷ «ትሪንጎ» ብላ ብትጣራ ልጇን በዚሁ ስም የጠራች ሌላ እናትም አብራን ብድግ አለች። በየሄድሁበት «ከየት አገኛችሁት?» ሲሉኝ «እኔ ነኝ ያወጣሁላት» አልሁ። መጀመሪያ ለአንዲት ሴት ብቻ ነበር። ኋላ አፌ ለመደው።

ክርስትናዋ ዕለት እርስዎ ከአጠገቤ ተቀምጠው ሳለ ዜማ «አገርነሽ፣ የሚቀጥለውን ልጄን ስም የምታወጪልኝ አንቺ ነሽ» አለች። «አንቺ ብቻ አርግዢ» ብዬ ተቀበልኋት። እርስዎ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። ሕፃኗን ታቅፈው «ነይ የኔ ትርንጎ» አሉ፣ እንደ አገርዎ፣ አጠር አድርገው። ይህኔ ዝም ብል ምን ነበረበት? «አይ እትዬ፣ እንዲያ አይደለም። ትሪ–ንጎ ነው የሚባለው» አልሁዎት፤ ስሙን ላወጡት ለእርስዎ።

ሴቶቹ ሳቁ። እርስዎም ፈገግ ብለው «እንግዲህ አስተምሩን፤ እኛ የምናውቀው ዛፉን ነው» አሉ። ሳቁ ባሰ። ልጅቱን ለእናቷ ሰጡና በማግስቱ በጠዋቱ ጀልባ ሄዱ። ይኸው እስካሁን እግርዎ ባሕር ዳርን አልረገጠም። ልጅቱም በእኔ አፍ ምክንያት አያቷን ሳታውቅ ልታድግ ነው።

ባለፈው ሰሞን ፀጉር ቤት ሄጄ፣ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር የተቀመጡት ሁሉ እየሰሙ፣ «ስሙን ያወጡት የደሞዝ እናት ናቸው። እኔማ ጠልቼው ነበር» አልሁ። ዜማ ማበጠሪያዋን እንደያዘች ቆመችና «እና እኚያን ሴትዮ ነው እፊታችን ያረምሻቸው?» አለችኝ። ፀጉሬን ሳልሠራ ወጣሁ።

ይህን ደብዳቤ ደሞዝ ዘጌ መጥቶ ያነብልዎታል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ሳይበተን፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብ ነግሬዋለሁ። የሳቁብዎ ብዙ ነበሩና ለብቻዎ ይቅርታ ብልዎ አይበቃም። እርስዎ ካልወደዱ ግን ቤት ገብታችሁ ያንብብልዎ። ወንጌላዊትም ልጅቱን ይዛ አብራው ትመጣለች። እስኪጠግቡ ይጥሯት፣ ማንም አያርምዎትም።

እኔ ጀልባው ድረስ እሸኛቸዋለሁ እንጂ አልሳፈርም። ሳይጠሩኝ ከደጅዎ ብቆም በይሉኝታ ያስገቡኛል፣ ያንንም መስረቅ ነው የሚሆንብኝ። ይምጡ ብዬም ደፍሬ አልለምንዎትም። አንድ ቀን «ትምጣ» ካሉ ግን ለደሞዝ ይንገሩት፤ የዚያኑ ዕለት እሳፈራለሁ። ስሟን ስጠራ ካበላሸሁ ደግሞ ጎረቤትዎ ሁሉ ባለበት ያርሙኝ።

ፊትዎን ለማየት ያፈረችው አማችዎ፣
አገርነሽ