ያልሠራኸው ዓይን

ታዴ፣ የልቤ ሰው፤

ከተለያየን አስራ አንድ ወር ሆነ። ሙት ዓመትህ ከታኅሣሥ ገብርኤል ጋር ተያይዞ እየመጣ ነው። ጎረቤቱ ስለ ጠላውና ስለ ዳቦው ይጠይቀኛል፤ እኔ ግን እንቅልፍ ያሳጣኝ ሌላ ነገር ነው። ስምህን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እሁድ ለሰው ሁሉ ከመናገሬ በፊት አንተ እንድታውቀው ብዬ ነው የምጽፍልህ።

ቤቱን በተመለከተ፣ የምትሥልበትን ክፍል አላከራየሁትም። ብሩሾችህን በነጭ ጋዝ አጥቤ ጣሳው ውስጥ አቁሜያቸዋለሁ። ቀለሙ ፀሐይ ይችል እንደሆነ የምትሞክርበት ካርቶንም ግማሹ በጡብ እንደተሸፈነ፣ ግማሹ ፀሐይ እንደመታው መስኮቱ ላይ አለ። ቀዩ ንቅንቅ አላለም። ሰማያዊው አመድ መስሏል፤ እንኳን አልገዛኸው።

ደብረ ታቦር ያለው ያ ባለ ሱቅ እንዴት ይጠላህ ነበር! ከቱቦው ጠብታ ጋዜጣ ላይ ጨምቀህ፣ ጋዜጣውን አጣጥፈህ፣ ነገ እመለሳለሁ ብለህ ትወጣለህ። በማግስቱ ዘይቱ ወረቀቱ ላይ ሰፍቶ ካየህ ቱቦውን ሳትገዛ፣ ይሄ ዘይት ነው እንጂ ቀለም አይደለም ትለዋለህ። እኔ ገበያ ቅቤ ሳሸት ስትስቅብኝ፣ አንተ ከእኔ የባስክ ነበርክ። የውሃ ቀለምም ቢሆን እንዲሁ ነው። ለደብሩ ሽማግሌዎች የምታሳያትን ትንሽ ንድፍ እንኳ በተማሪ ቀለም አትሠራም ነበር፤ ሲደርቅ እንደ ጠመኔ ጣት ላይ ይቀራል ትል ነበር። ይህን ሁሉ አጠገብህ ቁጭ ብዬ፣ ሐረጉንና የልብሱን እጥፋት እየሞላሁልህ ተምሬዋለሁ። አላወቅሁም ማለት አልችልም።

ሦስቱን ልጆች ከእሳት የሚያወጣውን ገብርኤልን እየሣልክ ነበር አልጋ ላይ የወደቅኸው። ከሸራው የቀረው የመልአኩ ዓይን ብቻ ነበር። ዓይን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው፤ ጾመህ፣ ንስሐ ገብተህ፣ በጠዋት ነበር የምትሠራው። እሳት ውስጥ የጣላቸውን ንጉሥ በጎን አዙረህ ባንድ ዓይን ጨርሰኸው ነበር፤ ክፉ ሰው እንደዚያ ነው የሚሣለው። የመልአኩ ፊት ግን ሁለት ባዶ ቦታ ይዞ ቀረ።

በቀበርንህ በሳምንቱ ቄሰ ገበዙ መጥተው ሸራው ለበዓሉ ይደርስ እንደሆነ ጠየቁኝ። አልቋል አልኳቸው። የመጨረሻ ሥራህ ጎደሎ ቀረ እንዳይባልብህ ብዬ ነው። ከዚያ ነጩን ቱቦ ባነሳው ባዶ ነው። ከተማችንን መካነ ኢየሱስን ሱቅ በሱቅ ዞርኩ፣ የለም። ደብረ ታቦር እንዳልሄድ መንገዱ ተዘግቷል። ቤታችንን ቀብተን የተረፈን የግድግዳ ቀለም ነበር፣ በውሃ የሚበጠበጠው። በእሱ ሁለቱን ዓይኖች በዘይቱ ቀለም ላይ ሣልኩ። ውሃ በዘይት ላይ አይዝም ብለህ ስንት ጊዜ ነግረኸኛል! በዓሉን ብቻ ይለፍልኝ፣ በኋላ አስተካክለዋለሁ አልኩ። ከሥሩም ስምህን ጻፍኩ።

ሸራው መቅደሱ ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ ተለጠፈ። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ሰዉ አንተን እያነሳ አለቀሰ። ደስ አለኝ ታዴ፣ አልዋሽህም። በኋላ ግን በምን ሰበብ መሰላል ልጠይቅ? ዛሬ ነገ ስል ክረምቱ ገባ፣ እርጥበቱ ሥራውን ሠራ፤ ለመስቀል ሰሞን የግራ ዓይኑ ተቀርፎ ወደቀ። መልአኩ እንደ ንጉሡ ባንድ ዓይን ቀረ።

አሮጊቶቹ ለመሳለም ቀርበው፣ ቀና ብለው ሲያዩት አማትበው ይመለሳሉ። ታደለ በመጨረሻው ርካሽ ቀለም ቀባብን የሚሉም አሉ። ቄሰ ገበዙ ደግሞ አዝነው፣ «ሕመሙ አጣድፎት ነው፣ ነፍሱን ይማር» አሉ። ከስድቡ ይልቅ እሳቸው ያዘኑልህ አንጀቴን በላው። አንድ ቱቦ ለመምረጥ ሰው አገር የምታድረውን አንተን! እዚያው ቆሜ እየሰማሁ ዝም አልኩ። ሁለት ወር ሙሉ ዝም አልኩ። ፈርቼ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ባለፈው ሳምንት ካፖርትህን ለነዳይ ልሰጥ ኪሱን ስፈትሽ ነጭ ቱቦ አገኘሁ። ያልተከፈተ። ብርዱ እንዳያጠነክረው ኪስህ ውስጥ ይዘኸው ኖሯል። ለዓይኑ ያስቀመጥኸው ነው። ካፖርቱ አስራ አንድ ወር ሙሉ አልጋችን ራስጌ ተንጠልጥሎ ነበር፣ በእጄ ሁሉ ነክቼዋለሁ። እሪ ብዬ ጮህኩ፤ ጎረቤት ሰው የሞተ መስሎት ሮጦ መጣ። ለምን አልነገርከኝም? ለምንስ አንደበትህ ሳይያዝ አልጠየቅሁህም?

ትናንት ለቄሰ ገበዙ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ቱቦውንም ሰጠኋቸው። ተቀብለውኝ፣ «ለእኔ ያልሽውን እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናኑ ትደግሚዋለሽ» አሉኝ። በበዓሉ ሥዕሉ በመጋረጃ ተሸፍኖ ይውላል። ዓይኑን ሌላ ሰዓሊ ባንተ ነጭ ይሠራዋል። እኔ ከእንግዲህ ብሩሽ አልይዝም።

ፈርቻለሁ ታዴ። እንዴት ብዬ ከሰው ፊት እንደምቆም አላውቅም። በዚች ከተማ ከእሁድ በኋላ ማን ሰላም እንደሚለኝ አላውቅም። ሙት ዓመትህን የሚበላልኝ ሰው እንኳ ይገኝ እንደሆነ እንጃ። ግን እቆማለሁ። የመልአኩን ዓይን ታደለ አልሠራውም፣ የሠራሁት እኔ ነኝ እላለሁ። እሁድ ብቻም አይደለም፤ ገበያ ላይም፣ ለቅሶ ቤትም፣ አርጅቼም ቢሆን፣ ስምህን ባነሱ ቁጥር ይህንኑ እላለሁ። እስክመጣ ድረስ አንተን የማስታውስበት መንገድ ይኸው ነው።

ሚስትህ